ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር

የሁለቱ የጫጉላ ሽርሽር እንዲህ ሆነ፤ ላጲስ የሚፈራው ነገር ሁሉ ተፈቀደለት፣ ሾፌሯ የምትወደው ነገር ሁሉ ተከለከለባት።

የመዝናኛ መንደሩ ከሆቴሉ ደጃፍ እስከ ሐይቁ ዳር የተዘረጋ ነው። የሚሽከረከር፣ የሚወረወር፣ የሚገለበጥ ማሽን ሞልቶበታል። በእያንዳንዱ ማሽን በር ላይ ደግሞ አንድ ዓይነት ሰሌዳ ቆሟል። በሰሌዳው ላይ ሆዷ የገፋ ሴት በጎኗ ቆማ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተስላለች፤ ከራሷ እስከ እግሯ ቀይ መስመር ተሰምሮባታል። ሾፌሯ መጀመሪያ ስታያት ሳቀች። ቀጥሎ ባለው በር ላይ ፈገግ አለች። የሚጋጩት ትንንሽ መኪኖች በር ላይ ስትደርስ ግን ሳቁ አለቀ።

«እኔ እኮ ሾፌር ነኝ» አለቻት የበሩን ጠባቂ። «የከተማ አውቶቡስ ነው የምነዳው። ያውም ሰው ጢም ብሎ ሞልቶበት።»

ጠባቂዋ ትሁት ሴት ነበረች። «ይገባኛል እመቤቴ። ግን እዚህ ሰው የሚመጣው ለመጋጨት ነው።»

«የኔ ሙያ ደግሞ አለመጋጨት ነው።»

«እሱ ነው እኮ ጨዋታው የማይሆንልዎት» አለች ጠባቂዋ።

ላጲስ ከኋላ ሆኖ «በቃ፣ አንቺ ካልገባሽ እኔም አልገባም» አለ። ደስ ብሎት ነው ያለው። እሱ እንኳን መጋጨት፣ መኪና ውስጥ ገብቶ መቀመጥም ያስጨንቀዋል። ለሚስቱ አዝኖ ይሁን ለራሱ ፈርቶ፣ እሱም ቢጠየቅ ለይቶ አይነግራችሁም።

ሾፌሯ የምትባለው ሾፌር ስለሆነች ነው፤ ከዚህ የጠለቀ ምክንያት የለውም። በሰፈሩ ውስጥ ከሷ በፊት ያን የሚያህል መሪ የጨበጠች ሴት ስላልነበረች ቅጽል ስሙ እንደ ማዕረግ ተጣብቆባት ቀረ። ባሏ ላጲስ የተባለበት ምክንያት ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በእናቱ ፎቶ ቤት ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ያጠፋል። ብጉር ያጠፋል፣ ሽበት ያጠፋል፣ የተፋታ ባል ከቤተሰብ ፎቶ ላይ ያወጣና በቦታው የአበባ ማስቀመጫ ያቆማል። እጁ ወርቅ ነው። ችግሩ ልማዱ ከኮምፒዩተሩ ወጥቶ ኑሮው ውስጥ መግባቱ ነው፤ የሚያጣላ ነገር ሲያይ አጥፍቶ ማለፍ ይወዳል።

እናቱን ሰፈሩ እትዬ ፎቶ ይላቸዋል። ለመታወቂያ፣ ለምረቃ፣ ለሰርግ በሳቸው ካሜራ ፊት ያልቆመ የለም። በፎቶ ቤቱ የመስታወት መስኮት ላይ የተሰቀለ የሙሽሮች ፎቶ በሰፈሩ ዘንድ ከጋብቻ ወረቀት ይበልጥ ይታመናል። ስቱዲዮው ውስጥ ደግሞ አንድ ወንበር አለ። ጥቁር እንጨት ነው፤ መደገፊያው ረጅምና ሰፊ፣ ቅርጻ ቅርጽ የሞላበት። ማንም አይቀመጥበትም። ሆዷ የገፋ ሙሽራ ስትመጣ እትዬ ፎቶ ምንም ሳይጠይቁ ወንበሩን ይጎትቱና «ከዚህ ጀርባ ቁሚ ልጄ፣ እጅሽን መደገፊያው ላይ አድርጊ፣ እንደ ንግሥት» ይላሉ። ሙሽራዋ እንደ ንግሥት ትቆማለች። ሆዷ ከወንበሩ ጀርባ ይቀራል።

እትዬ ፎቶ ያላወቁት ነገር ቢኖር፣ ሰፈሩ የወንበሩን ምስጢር ካወቀ መሰንበቱን ነው። መንገደኞቹ ሴቶች በመስኮቱ ላይ ከወንበር ጀርባ የቆመች ሙሽራ ባዩ ቁጥር ጣታቸውን አውጥተው ወር መቁጠር ይጀምራሉ። አንዲት የጥርስ ሐኪም ረዳት የወንበሩ ቅርጽ አምሯት፣ በገዛ ፈቃዷ ከጀርባው ቆማ ፎቶ ተነስታ፣ ምንም ሳይኖርባት ዓመት ሙሉ «መቼ ነው የምትወልጂው?» ስትባል ኖራለች። ይህን ለእትዬ ፎቶ የሚነግር ደፋር ግን አልተገኘም። ሰው ይፈራቸዋል፤ ደግሞም ይወዳቸዋል።

ሾፌሯም በሰርጓ ቀን ከወንበሩ ጀርባ ቆማለች። ደስ አላላትም። ስድስት ወር የገፋ ሆድ ይዞ ቀኑን ሙሉ መቆም አድክሟት ስለነበር፣ አንድ ፎቶ ነው፣ ይለፍ ብላ ነው ያለፈችው። በማግስቱ እትዬ ፎቶ «እኔ ያላየሁትን እናንተ እዩልኝ» ብለው የሪዞርቱን ስጦታ በእጇ ሲያስጨብጧት አንጀቷ ራሰ። አማቷን አቅፋ አለቀሰች። በሕይወቷ ሽርሽር የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሰው ወደ ሽርሽር ስታደርስ ነው የኖረችው።

የላጲስ ስልክ የጮኸው ሪዞርቱ ውስጥ፣ ቁርስ ላይ ነው። ላጲስ ሁለት ሳህን ይዞ ምግቡ ከተደረደረበት ጠረጴዛ እየተመለሰ ስለነበር ሾፌሯ አነሳችው። እትዬ ፎቶ በስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ወንበሩ ይታያል።

«እንዴት ነሽ ልጄ? ቁርስ በላሽ? እግርሽን እንዴት አደረገሽ?»

«ደህና ነኝ እትዬ። እግዜር ይስጥልን፣ ቦታው ገነት ነው።»

«እሰይ። እንግዲህ አንድ ፎቶ ላኩልኝ፣ ለመስኮቱ። ከደረት በላይ ይሁን። አበባ ካገኘሽ አበባ ያዢ።»

«እሺ እትዬ።»

«ከዚያ ስትነሱ በቀጥታ ወደ እህቱ ዘንድ ነው። ክፍሉን አጽድታ ትጠብቃችኋለች። እዚያው ወልደሽ፣ እዚያው ታርሰሽ፣ ልጁ ጠንከር ሲል ትመጣላችሁ። ያን ጊዜ ስንት ወሩ ነው ብሎ የሚመረምር የለም።»

ሾፌሯ ዳቦውን አስቀመጠች። የላጲስ እህት የምትኖረው አገር አቋርጠው በሚደርሱበት ከተማ ነው። «ወዴት ነው የምንሄደው?»

«አልነገረሽም እንዴ?»

ላጲስ ሁለቱን ሳህን ይዞ ቆሟል። የሚያየው እንቁላሉን ነው።

«ሥራዬስ እትዬ?»

«እሱንም ጨርሼልሻለሁ። ስምሪት ክፍል ሄጄ ታማለች፣ ሐኪም ተኚ ብሏታል፣ አትጠብቋት ብያለሁ። ኃላፊውም አዘነልሽ። አንቺ ምንም አታስቢ፣ በሞቴ።»

እትዬ ፎቶ ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ክፉ አልነበሩም። ፊታቸው ላይ የሚነበበው ጭንቀት ብቻ ነው፤ ልጁ ገና ሳይወለድ እንቅልፍ ያጡበት ጭንቀት። ሾፌሯ ይህን ስላየች ነው ድምፅዋን ያላነሳችው። «እሺ እትዬ፣ እንነጋገራለን» ብላ ስልኩን ዘጋች። ደሟ ግን እስከ ጆሮዋ ድረስ ፈልቷል።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለችው ባሏን።

«ከሰርጉ በፊት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እዚህ መጥተን... ደስ ሲልሽ ልነግርሽ ነበር።»

«ደስ ሲለኝ።»

«በጣም ደስ ሲልሽ» አለ ላጲስ፣ ሳህኖቹን አሁንም እንደያዘ።

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፣ ዋጠችው። ስታለቅስበት የነበረው ስጦታ ለካ መደበቂያ ኖሯል። መዋኛው፣ ሐይቁ፣ በየማለዳው ትራስ ላይ የሚቀመጠው ከረሜላ፣ ሁሉም ከሰፈር እስክትርቅ ድረስ የተዘጋጀ ማታለያ ሆኖ ታያት። ከሁሉ የበለጠ ያቃጠላት ግን አውቶቡሷ ነው። ያንን መሪ ለመጨበጥ ስንት ሰው ፊት እንደቆመች፣ ስንት ሰው «አንቺ ነሽ የምትነጂው? እንግዲያው እወርዳለሁ» እንዳላት እሷ ታውቃለች። አሁን አንዲት ሴት ሄዳ በሁለት ቃል አስረከበችባት።

«ስማ» አለችው። «ይሄን ልጅ ሰርቄ አላመጣሁትም። ሁለታችንም ነበርን። ገና ከመወለዱ መጀመሪያ የሚነገረው ውሸት ስለራሱ እንዲሆን አልፈልግም። ነገ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ሆዴን ይዤ፣ በቀን፣ በዋናው መንገድ።»

«እማዬ እኮ ላንቺ ብላ ነው። ሰው ምን ይላል ብላ...»

«ሰው ምን እንደሚል ከኔ የበለጠ የሚሰማ የለም። ቀኑን ሙሉ የምጭነው ሰው ነው። ያወራል፣ ያማል፣ ፌርማታው ሲደርስ ደግሞ ይወርዳል።»

ላጲስ ሳህኖቹን አስቀመጠ። ሾፌሯ ስልኳን አንስታ ወደ ስምሪት ክፍል ደወለች። ኃላፊው ራሳቸው አነሱ።

«ጋሼ፣ አልታመምኩም።»

«እንዴ፣ አማትሽ መጥተው...»

«እርጉዝ ነኝ።»

«እሱንማ ወንበርሽ ነግሮናል» አሉ። «ወደ ኋላ እየገፋሽ እየገፋሽ፣ ከአንቺ ቀጥሎ የሚነዳው ሰው እግሬ ፍሬን አልደርስ አለኝ እያለ በየቀኑ ያማርራል።»

«ታዲያ ዝም አላችሁኝ?»

«ምን እንበልሽ? ስትነግሪን እንሰማለን ብለን ነው።»

«ሰኞ እመጣለሁ።»

«ሐኪምሽ እስከፈቀደልሽ ድረስ ነይ። ከዚያ በኋላም ቦታሽ ቦታሽ ነው። አማትሽ ግን ጥሩ አድርገው ነው ያስለቀሱኝ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ሾፌሯ ከወንበሯ ተነሳች። ሪዞርቱ ለሙሽሮች የሚያድለው ነጭ የወረቀት አክሊል አለ፤ ከመጡ ጀምሮ በሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ የቀረ። ክፍላቸው ገብታ አወጣችው፣ በእጇ አቃናችው፣ ራሷ ላይ ደፋችው። ቀሚስ ለወጠች። ከያዘቻቸው ልብሶች ሁሉ ጠባቡን፣ ላጲስ «ይሄ ምንም አይደብቅም እኮ» ብሎ እንዳታመጣው የመከራትን ነው የለበሰችው። ከዚያ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ መሀል መሀሉን እየረገጠች ወደ ዘንዶው ሄደች። ላጲስ ካሜራውን አንጠልጥሎ ከኋላ ከኋላዋ ሮጠ።

ዘንዶው የመንደሩ ትልቁ ማሽን ነው። በሐዲድ ላይ ቀስ እያለ ሽቅብ የሚወጣ፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ለአፍታ የሚቆም፣ ከዚያ ሰውን ሁሉ ይዞ ቁልቁል የሚወረወር ባቡር። ሰሌዳውም ከሌሎቹ ሁሉ ይተልቃል፤ የተሳለችው ሴት የሾፌሯን ቁመት ታክላለች። ሾፌሯ አጠገቧ ሄዳ እንደሷ በጎኗ ቆመች። እንደሷ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንሳኝ» አለች።

«እዚህ? ሰው እያየን?»

«ሰው እንዲያየን ነው።»

ላጲስ ዙሪያውን ቃኘ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በሙሉ ዞረው ያያሉ። ካሜራውን ግን ዓይኑ ላይ አደረገ፤ የፎቶ አንሺ ልጅ ነውና አንዴ ዓይኑ ላይ ካደረገ በኋላ ፍርሃቱን ትንሽ ረሳ። «አገጭሽን ቀና። ትንሽ ወደ ሰሌዳው ጠጋ በይ። ሰሌዳው የሚታይ ከሆነ ሙሉው ይታይ» እያለ አነሳ፣ ደግሞ አነሳ። ያነሳውን ሲያይ «ግሩም ነው» አለ፣ ሳያስበው። እውነቱን ነው። ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ሆዶች፣ አንደኛዋ ተሰርዛለች፣ ሌላኛዋ አክሊል ደፍታ «እስቲ ሰርዙኝ» የምትል ትመስላለች።

«እሱን ላክላቸው» አለች ሾፌሯ።

«ለእማዬ?»

«ለመስኮቱ ፎቶ ጠይቀዋል። ይኸው ፎቶ።»

ላጲስ ጣቶቹን አፍተለተለ። «ቆይ፣ ሰሌዳውን ላጥፋው። ወይም ሆዱን ትንሽ... ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ትንሽ ብቻ...»

«ከዚህ ፎቶ ላይ አንዲት ነገር ብትነካ ነገ ወደ ቤት የምሄደው ብቻዬን ነው» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ከነካህም፣ ካልነካህም እኔ እሄዳለሁ። ያልወሰንከው አንተ ነህ።»

ላጲስ ሰሌዳው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «እፈራለሁ» አለ። ከተዋወቁ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«ምኑን?»

«እማዬን። አንቺንም እፈራለሁ። ያንንም» አለና ወደ ዘንዶው አመለከተ።

ሾፌሯ ወደ ላይ አየች። ባቡሩ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ሰዎቹ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ አንዳንዱም ከወዲሁ እየጮኸ ነበር። እሷ ብትሆን ከፊት ወንበር ነበር የምትቀመጠው። «ሦስታችንንም በአንድ ጊዜ አትችልም» አለችው። «በቀላሉ ጀምር። ውጣ። እኔ የተከለከልኩትን አንተ ውጣልኝ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። እምቢ ይላል ብላ ነበር። እሱ ግን ካሜራውን አንገቷ ላይ አጠለቀላት፣ ሰልፉን ተቀላቀለ፣ አንዴ ዞር ብሎ አያት፣ ከዚያ ገባ። ባቡሩ ሽቅብ ሲወጣ ነጭ ሸሚዙን በዓይኗ ተከተለችው። ጫፍ ላይ ሲቆም የሷም ትንፋሽ አብሮ ቆመ። ሲወረወር ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የሱን ለየችው፤ ከሰርጋቸው ቀን ጀምሮ ከተናገረው ሁሉ ይህ ይጮኻል።

ዘንዶው ቁልቁል ሲወረወር ራሱ ፎቶ ያነሳል። መውጫው ላይ ፊቶቹ በትልልቅ ስክሪን ይደረደራሉ። ላጲስ ሲወጣ ሾፌሯ ስክሪኑ ሥር ቆማ ትጠብቀው ነበር። ፎቶው ላይ አፉ እስከ ጉሮሮው ተከፍቷል፣ ዓይኖቹ ተጨፍነዋል፣ ጉንጩ ወደ ጆሮው ሸሽቷል፣ ጸጉሩ ቆሟል።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ። ሳትጠፋ።»

ላጲስ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሳቅ ያዘው፤ ቆሞ መሳቅ አቅቶት ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ዓይኑ ውሃ ሞላ።

«እዚያ ላይ ስትሆን ምን አልክ?» አለችው።

«እማዬ ብዬ ነው የጮህኩት።»

«ሰምቼሃለሁ። መንደሩ በሙሉ ሰምቷል።»

ፎቶውን አሳትማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ላጲስ ከካሜራው ላይ የሷን ፎቶ ወደ ስልኩ አዛወረ። አንዲት ነጥብ ሳይነካ ላከው። ከሥሩ «ወደ እህቴ አንሄድም፣ ነገ ወደ ቤት እንመጣለን» ብሎ ጻፈ። እትዬ ፎቶ ወዲያው አዩት። መልስ ግን አልመጣም። ማታም አልመጣም። በማግስቱ መንገድ ላይ ላጲስ ስልኩን እያወጣ ያይ ነበር፤ ሾፌሯ ደግሞ የአውቶቡሱን መስኮት ጥግ ይዛ ተራ ተሳፋሪ መሆን እንዴት እንደሚሰለች እያየች ነበር።

ሰፈር የደረሱት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እንዳለችው ሆዷን ይዛ በዋናው መንገድ ሄደች። የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የተሰቀለው ያው የሰርግ ፎቷቸው ነው፤ እሷ ከወንበሩ ጀርባ፣ እንደ ንግሥት። የሪዞርቱ ፎቶ የለም። እትዬ ፎቶ ውስጥ ነበሩ፤ ሌንስ እየወለወሉ ቀና አላሉም።

«እንደምን ዋሉ እትዬ» አለች።

«ደህና።»

ላጲስ ሻንጣዎቹን አስቀመጠ። «እማዬ፣ ፎቶው አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል። ጥሩ አንስተሃል፣ ብርሃኑም ልክ ነው። ግን በእኔ መስኮት ላይ ሆድ ተሰቅሎ አያውቅም።» ሌንሱን አስቀመጡ። ለሾፌሯ ነበር የተናገሩት፤ ግን ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነው። «እኔ ክፉሽን የምመኝ መስሎሻል። እኔ ሳገባ እኮ ይሄ ወንበር አልነበረም። እንዳለሁ ነው ፎቶ የተነሳሁት፣ ሆዴን ይዤ፣ ስቄ። ፎቶው ሲመጣ አባቴ መቀስ አነሳና ከወገቤ ላይ ቆረጠው። የላዩን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። የታቹን እሳት ውስጥ ጣለው።» በአገጫቸው ወደ ላጲስ አመለከቱ። «እሳት ውስጥ የገባው እሱ ነው።»

ላጲስ ይህን ሰምቶ አያውቅም። በእናቱ ግድግዳ ላይ ያለችው ያቺ ግማሽ ሙሽራ ለምን ከወገቧ በታች እንደሌለች ጠይቆም አያውቅም፤ ማጥፋት የሚያውቅ ሰው ነውና የጠፋ ነገር አያስደንቀውም ነበር። አሁን ግን ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ።

«ከዚያ በኋላ ነው ወንበሩን የገዛሁት» አሉ እትዬ ፎቶ። «ማንም አባት በማንም ልጅ ላይ መቀስ እንዳያነሳ ብዬ። ስንቷን አድኛለሁ።»

ሾፌሯ ተናዳ ነው የገባችው። ስትጠብቀው የነበረው ጠብ ነበር፤ ለጠብ የሚሆን ቃል ስትደረድር ነው መንገዱ ያለቀው። ያ ሁሉ ቃል አሁን አንድም አልሆናት አለ። ሄዳ የአማቷን እጅ ያዘች። እጃቸውን ይዛ ግን የመጣችበትን አልተወችም።

«እትዬ፣ እርስዎ ላይ የተሠራው ግፍ ነው» አለች። «ግን ወንበሩም እኮ ከዚያው ቦታ ላይ ነው የሚቆርጠን።»

እትዬ ፎቶ እጃቸውን አስለቅቀው ሌንሱን መልሰው አነሱ። ሾፌሯ ቀጠለች።

«ደግሞ ሰፈሩ ያውቀዋል። ከወንበሩ ጀርባ የቆመችን ሁሉ በጣቱ ይቆጥርላታል። የጥርስ ሐኪሙ ረዳት ምንም ሳይኖርባት ዓመት ሙሉ ስትጠየቅ ኖረች።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሁሉም ነው የሚለው። ለርስዎ ብቻ ነው ያልተነገረው።»

እትዬ ፎቶ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ላጲስ በተለመደው ቀን ቢሆን «ኧረ ውሸት ነው» ብሎ ያጠፋላቸው ነበር። «እውነት ነው እማዬ» አለ። እትዬ ፎቶ ወንበሩን አዩት፤ ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው የኖረ ሰው የካዳቸው ይመስል።

ሾፌሯ እግሯን አየች። ከመንገዱ ብዛት ቁርጭምጭሚቷ ጠፍቷል። «እግሬ አብጧል፣ ልቀመጥ» አለች፤ ከዚያም ወንበሩን ያዘችና መጎተት ጀመረች። ከባድ ነበር። ላጲስ ተነስቶ አነሳላት። «የት ላድርገው?» ሲላት በአገጯ በሩን አሳየችው። ደጃፍ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ አስቀመጠው። ሾፌሯ ተቀመጠችበት። ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

መንገዱ ሥራ ያለቀበት ሰዓት ላይ ነበር፤ ሰው እየጎረፈ ነው። የሚያየው አየ፣ የሚንሾካሾከው ተንሾካሾከ። ሾፌሯ አንዱንም ዓይን ሳታሳልፍ አየቻቸው። አንገቷ ላይ ሙቀት ቢሰማትም አልተነሳችም። እንዲያውም ለአንዳንዱ ሰላምታ ሰጠች፤ ተሳፋሪዎቿ ናቸው።

ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ባለመድኃኒቷ ነጭ ገዋኗን እንደለበሰች መንገዱን ተሻግራ መጣች። የሷም የሰርግ ፎቶ አንድ ሰሞን ከወንበሩ ጀርባ ሆኖ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ያኔ ከወንበሩ ጀርባ የቀረችው ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች። ሾፌሯን ሳይሆን ወንበሩን ዙሪያውን አየችው።

«ይመቻል?» አለች።

«ትንሽ ይቆረቁራል። ግን ከመቆም ይሻላል።»

«እኔ ከጀርባው ስቆም ወገቤ ሊበጠስ ነበር። ወንበር አጠገቤ ቆሞ፣ ተቀመጪ ያለኝ የለም።» ባለመድኃኒቷ እጇን ገዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። «ሲበቃሽ ተነሺልኝ። እኔም ልቀመጥበት። ልጄን ልጥራትና ጭኔ ላይ አድርጌያት ፎቶ እነሳለሁ።»

«ተራ ያዢ» አለች ሾፌሯ። ላጲስ ካሜራውን ሊያመጣ ገባ።

ይህን ሁሉ እትዬ ፎቶ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው እያዩ ነበር። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ከላጲስ እጅ ላይ ካሜራውን ቀምተው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው ወጡ።

«እዚያ ላይ ብርሃኑ አይሆንም» አሉ። «ዓይንሽን ያስጨፍንሻል። ወደ በሩ ጠጋ አድርጉት።» ወንበሩ ተጠጋ። እትዬ ፎቶ ጎንበስ ብለው የሾፌሯን ቀሚስ ጫፍ አስተካከሉ፤ እግረ መንገዳቸውን እጃቸው ሆዷ ላይ አረፈና ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። «አንተስ ምን ትገተራለህ? ከጀርባው ቁም። እጅህን መደገፊያው ላይ።»

ላጲስ ሄዶ ከወንበሩ ጀርባ ቆመ።

«እስከ የት ነው የሚያነሱኝ እትዬ?» አለች ሾፌሯ።

እትዬ ፎቶ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እስከ ጫማሽ» አሉ። «አሁን ዝም በይና ወደ እኔ እዪ።»